«ፎቶ ላኩልን» ከማለታችን በፊት፦ የስደተኛ ልጃገረዶች ትምህርትና ካሜራችን

በውጭው ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለበጎ ሥራ ገንዘብ ስናሰባስብ የምንከተለው ሥርዓት ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም። አዳራሽ እንከራያለን፣ እንጀራና ወጥ ይቀርባል፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሪፖርት ያሰማል፤ ከዚያም መብራቱ ይደበዝዝና ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ይታያል። የተሰበሰብነው ለስደተኛ ልጃገረዶች ትምህርት ከሆነ ፎቶው ምን እንደሚመስል ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም፦ ዕድሜዋ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚሆን፣ ልብሷ ያደፈ፣ ካሜራውን ትክ ብላ የምታይ ልጅ። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ቀጥሎ ጨረታ ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜ ለጨረታ የሚቀርበው ያው ፎቶ ራሱ፣ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ነው።

ይህን የማነሳው ደጋግ ወገኖቼን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ገንዘብ ደብተር ተገዝቷል፣ የመምህራን ደመወዝ ተከፍሏል። ጥያቄዬ ስለ ልጅቷ ነው። ለመሆኑ ስሟ ማን ይባላል? ፎቶዋ አሁን በስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች? አድጋ ሥራ ስትጠይቅ፣ ትዳር ስትይዝ፣ ወይም ሸሽታ ያመለጠችው ሰው ሲፈልጋት ያ ፎቶ ምን ይጠቅማታል? ምንስ ያደርስባታል?

እኔ በሙያዬ የቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። ሌሎች ቀርጸው የሚልኩትን እየቆረጥኩ እቀጥላለሁ። ባለፉት ዓመታት ከናይሮቢ፣ ከካይሮ፣ ከሱዳንና ከራሳችን አገር የስደተኞች ሰፈሮች የመጣ የብዙ ሰዓት ቀረጻ በእጄ አልፏል። አቀናባሪ የሚያየው አዳራሹ የማያየውን ነው፤ ልጅቷ መናገር ከመጀመሯ በፊት የተባለችውን፣ ንግግሯ ካበቃ በኋላም ፊቷ ላይ የሚነበበውን ጭምር ያያል። ከዚህ ልምድ በመነሳት ላስረዳ የምሞክረው አንድ ነገር ነው፦ የትምህርት ፊልም ማሳየት ያለበት ትምህርቱን ነው፤ የልጅቷ ፊት ግን የራሷ ነውና ለሰጠነው ገንዘብ እንደ ደረሰኝ ልንጠይቀው አይገባም።

ዝነኛው ፎቶ የተነሳው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር

ስለ ስደተኛ ልጃገረድ ፎቶ ሲነሳ ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አረንጓዴ ዓይኖች ያሏት፣ ቀይ ሻሽ የተከናነበችው አፍጋናዊት ልጅ ናት። ፎቶውን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ያነሳው አሜሪካዊው ስቲቭ መከሪ ሲሆን፣ ቦታው ፓኪስታን ውስጥ ከፔሻዋር ከተማ አጠገብ የነበረው የናስር ባግ መጠለያ ጣቢያ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በጁን 1985 ዕትሙ ሽፋኑ ላይ አወጣውና በዓለም ታወቀ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ፎቶው የተነሳበትን ክፍል ነው። ክፍሉ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሆነ ድንኳን ነበር። ፎቶውን እንደገና ተመልከቱት። ሰሌዳ የለም፣ መምህርት የለችም፣ ደብተር የለም፣ አጠገቧ የተቀመጠች ጓደኛ የለችም። ትምህርት ቤቱ ከፎቶው ውጭ ቀርቶ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። ለ17 ዓመታት ዓለም ስሟን እንኳ አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጽሔቱ ቡድን ተመልሶ ፈልጎ አገኛት፤ እሷ መሆኗም በዓይኗ ብሌን ምርመራ ተረጋገጠ። ስሟ ሻርባት ጉላ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶዋን አይታው አታውቅም ነበር።

መጽሔቱ ራሱ በዚያ ዓመት እንደዘገበው ሻርባት ጉላ ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ትምህርቷን መቀጠል ብትፈልግም አልሆነላትም፤ ተስፋዋ ልጆቿ እንዲማሩ ነበር። ከልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከወጡ ፎቶዎች ሁሉ ዝነኛው፣ ማንበብ ሳትችል የቀረች ሴት ፎቶ መሆኑ ነው እንግዲህ። በርግጥ መጽሔቱ ከ2002 በኋላ ለአፍጋን ልጃገረዶች ትምህርት የሚውል ገንዘብ ማሰባሰቢያ አቋቁሟል፤ ይህ መካድ የለበትም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ሻርባት ጉላ በሐሰተኛ መታወቂያ ክስ ፔሻዋር ውስጥ ስትታሰርና ወደ አፍጋኒስታን ስትመለስ ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን ያዳረሰው በዚያው ፎቶ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ ደግሞ ጣሊያን ተቀብላታለች። ፎቶው አንዴ ሲያጋልጣት አንዴ ሲያሻግራት ኖረ። አንዱንም ግን እሷ አላዘዘችውም።

እኛም ተነስተናል

ይህ የአፍጋኖች ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን ልመለስ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ ቢቢሲ ሞሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸውን ፊልም አስተላለፈ። ፊልሙ ዓለምን ቀሰቀሰ፤ በዚያ ምክንያት በመጣው እህል የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። ያንን ፊልም ማንም ማቃለል አይገባውም። በዚያው ዘመን የካናዳ ቴሌቪዥን መቀሌ ውስጥ የቀረጻት፣ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል ተብላ የነበረች ሕፃን፣ ብርሃን ወልዱ፣ በ1985ቱ ላይቭ ኤይድ ላይ በሚሊዮኖች ታየች። ሕፃኗ አልሞተችም። በጁላይ 2005 ለንደን በተካሄደው ላይቭ 8 መድረክ ላይ ወጣት ሴት ሆና ቆማለች። አስቡት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለም የሚያውቃት ልትሞት ስትል በተቀረጸችባት በዚያች ቅጽበት ነበር።

እዚህ አሜሪካና አውሮፓ ልጆች ያሳደግን ሰዎች ያ ምስል ምን እንዳስከተለ እናውቃለን። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ «አገራችሁ ምግብ አለ ወይ?» እየተባሉ አድገዋል። ያ ምስል ሕይወት አድኗል፤ ስማችንን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ይዞት ሄዷል። ሁለቱም እውነት ነው።

ለጋሽ ድርጅቶቹም ቢሆኑ ይህን ተገንዝበዋል። ከዚያ ረሀብ ትምህርት በመውሰድ እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ በ2006 ደግሞ አደሱት። በ1994 የወጣው የቀይ መስቀልና የሌሎች ርዳታ ሰጪዎች ደንብም በአሥረኛው ነጥቡ የአደጋ ተጎጂዎች በማስታወቂያ ሲቀርቡ ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው መቅረብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ለእነዚህ ደንቦች መነሻ ከሆኑት ምስሎች መካከል የእኛ ሰዎች ምስሎች ይገኙበታል። ታዲያ እኛ ራሳችን ካሜራ ስንይዝና ገንዘብ ስንሰጥ ከደንቡ በታች ብንወርድ ምን ይባላል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይሉ የለም እንዴ አበው?

«አትሳቂ»

ደንብ ወረቀት ላይ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስሊ አካባቢ፣ ለስደተኛ ልጃገረዶች ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት ከሚሰጥበት ቤት የመጣ አንድ ቀረጻ ትዝ ይለኛል። ልጅቷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንድ ቃል ላይ ትሳሳታለች፣ ጓደኛዋ ታርማታለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አርባ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፦ «ኧረ ጋሼ፣ ቆይ ልብሷን ልቀይርላት፤ ክት አላት እኮ።» ቀራጩ ይመልሳል፦ «አይ እህቴ፣ እንዲሁ ይሻላል።» ከዚያ ለልጅቷ፦ «አሁን አትሳቂ። ወደዚህ እይ።» ልጅቷ ሳቋን ትውጠዋለች። ማኅበሩ እንዳዘጋጅ የጠየቀኝ ሳቋን ከዋጠች በኋላ ያለችውን አራት ሰከንድ ነበር። እኔ ንባቡን እንዳስገባ፣ እናቲቱም እንድትጠየቅ ጻፍኩ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በዚህች አንዲት ደቂቃ ውስጥ የጉዳዩ ምሥጢር ሁሉ አለ። በባህላችን ፎቶ ክት የሚለበስበት ነገር ነው። ወላጆቻችን ስቱዲዮ ሲሄዱ ነጠላቸውን አሳጥበው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ነበር። ያቺ እናት ሰው ፊት የምትቀርበው ልጄ ናት ብላ ክቷን ልታለብሳት ፈለገች፤ ቀራጩ ደግሞ ድህነቷን ፈለገ። ፊልሙ የተባለው የትምህርት ፊልም ነው፤ ትምህርቱ የታየባት ንባብ፣ ስህተቱና እርማቱ ግን ተቆርጦ ተጣለ።

በአስተርጓሚ የሚቀረጹትም ከዚህ የባሱ ናቸው። ልጅቷ አንድ ደቂቃ ሙሉ ታወራለች፤ አስተርጓሚው «ትምህርት ደስ ይላታል ትላለች» ብሎ ይጨርሰዋል። ያ አንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ነበር? ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ሲተረጎም ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ ታናናሾቿ፣ ስለ ሽንት ቤቱ መዝጊያ ማጣት ስትናገር ትገኛለች። ልጅቷ ሪፖርት ሰጥታለች፤ የሰማት ግን የለም።

መጠለያው ይፈርሳል፣ ፎቶው ይቀራል

የስደተኞች ሰፈር ጊዜያዊ ነው፤ ፎቶ ግን አይደለም። ትግራይ ውስጥ የኤርትራ ስደተኞች ይኖሩባቸው የነበሩት ሽመልባና ሕፃጽ መጠለያዎች ከኖቬምበር 2020 በኋላ በነበረው ጦርነት ፈርሰዋል። ትምህርት ቤቶቻቸው የሉም። እዚያ የተነሱት ፎቶዎች ግን ዛሬም በየድረ ገጹ አሉ። ልጆቹ በጣቢያው ውስጥ መሆናቸውን፣ ከማን ጋር እንደተቀመጡ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንደለበሱ ለሚፈልጋቸው ሁሉ ይናገራሉ። ስደተኛ ማለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ሰው ያለው ሰው ነው። ልጃገረድ ከሆነች አደጋው እጥፍ ነው፤ የሸሸችው ጦርነትን ብቻ ላይሆን ይችላል። ከጠለፋ፣ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ካሰቡ ዘመዶች፣ ወይም ከአባቷ ያመለጠች ትኖራለች። ይህን ለእንግዳ ቀራጭ በመጀመሪያው ቀን አትነግረውም።

ሦስት እውነተኛ ክስተቶች ላንሳ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ናይጄሪያ ውስጥ ከቺቦክ ትምህርት ቤት 276 ልጃገረዶች ሲጠለፉ ለዘመቻው በብዛት የተሰራጩት ፎቶዎች የናይጄሪያ ልጆች አልነበሩም፤ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ አሚ ቪታሌ ከዓመታት በፊት ጊኒ ቢሳው ውስጥ ያነሳቻቸው ነበሩ። ፎቶ አንሺዋ ራሷ ተቃወመች። ያልተጠለፈች ልጅ በዓለም ፊት የተጠለፈች ተደረገች ማለት ነው።

ሁለተኛው ከሶርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአትማ መጠለያ ጣቢያ የተነሳ ፎቶ ላይ አንዲት ሕፃን ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ትታያለች። የፎቶ አንሺውን ረጅም ሌንስ መሣሪያ መስሏት ነው እጅ የሰጠችው። በ2015 ፎቶው በዓለም ሲዞር ሁላችንም አዘንን፤ ካሜራ ለስደተኛ ልጅ ምን ሊመስል እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚናገር ምስል አላውቅም።

ሦስተኛው ወደ አፍጋኒስታን ይመልሰናል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ካቡል ስትወድቅ፣ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት መሥራች የሆነችው ሻባና ባሲጅ ራሲኽ የተማሪዎቿን መዛግብት በእሳት አቃጠለች፤ ምክንያቷም ልጆቹንና ቤተሰቦቻቸውን ለመጠበቅ መሆኑን በይፋ ተናገረች። ከዚያም ትምህርት ቤቱን ይዛ ወደ ሩዋንዳ ተሰደደች። ትናንት ለኩራት የተያዘ መዝገብ ዛሬ ማስረጃ ሆኖ ሊያስከስስ ይችላል። ወረቀትን ማቃጠል ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ድረ ገጽ ላይ የወጣን ፎቶ ግን ማን ያቃጥለዋል? «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የተባለው ለቃል ነበር፤ ለፎቶ ይበልጥ ይሠራል።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

«ፈቃድ ጠይቀናል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እንመርምረው። ቀራጩ የሚመጣው ከለጋሾቹ ጋር ነው። ያለፈው ወር ደብተርና ሞዴስ ያመጡት እነሱ ናቸው። የሚያስተዋውቀው ርዕሰ መምህሩ ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እናት አውራ ጣቷን ቀለም ነክታ ታሳርፋለች። በዚህ መካከል «አይሆንም» የሚል ቃል ከየት ይመጣል?

ሌላም አለ። መጠለያ ውስጥ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ካሜራና ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ ስደተኛው የሚያስበው ስለ «ፕሮሰስ» ነው፤ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የያዘውን ጉዳይ ይረዳኛል ወይስ ይጎዳኛል ብሎ። እምቢ ካልኩ ስሜ ይሠረዛል ብሎ የሚፈራ አለ። እሺ ካልኩ ወረፋዬ ይፋጠናል ብሎ ተስፋ የሚያደርግም አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው የፈቃድ ቃል መሆን ያለበት «ይህ ቀረጻ ከፕሮሰስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ እምቢ ብትሉም ልጃችሁ ከትምህርቷ አትቀርም» የሚል ነው። ይህም በራሳቸው ቋንቋ፣ ርዕሰ መምህሩ በሌለበት ሊነገር ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 12 ሕፃን የሚመለከተውን ጉዳይ በተመለከተ የመሰማት መብት እንዳለው ሲናገር አንቀጽ 16 የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያዛል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ፣ የእናት አሻራ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅቷም መጠየቅ አለባት፤ ዛሬ እሺ ብላ ነገ ሐሳቧን ብትለውጥም መሰማት አለባት። በእኔ አስተያየት ጥሩ አሠራር የሚባለው ፎቶውን ለልጅቷ ማሳየት፣ የት የት እንደሚታይ በቀላል ቃል መንገር («አሜሪካ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ብዙ ሰው፤ ኢንተርኔትም ላይ») እና አንድ ቀን አስባበት እንድትመልስ መተው ነው። አንድ ቀን መጠበቅ የማይችል ቀራጭ የቸኮለው ለማን ብሎ ነው?

ትምህርትን እንዴት እንቅረጽ?

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በስደተኞች ዘንድ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለ10 ወንዶች የሚገኙት ከ8 ያነሱ ሴቶች ነበሩ፤ በሁለተኛ ደረጃ ከ7 ያነሱ። እንግዲህ በመንገድ ላይ የሚጠፉ ልጃገረዶች አሉ። የት ነው የሚጠፉት? ውኃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ እሷ ናት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ለሴቶች የተለየ ሽንት ቤት የለም፤ የወር አበባ በመጣ ቁጥር ሦስትና አራት ቀን ትቀራለች። ሴት መምህርት ጥቂት ናት። ገንዘብ ሲያንስ የሚማረው ወንድሟ ነው። ከዚያም ሽማግሌ ይላካል።

ከእነዚህ ውስጥ በፊት ፎቶ የሚታይ አንድም የለም። ሁሉም ግን በፊልም መታየት ይችላል። መንገዱን ከኋላ ሆናችሁ ተከተሏት፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓቱ ይናገራል። የሽንት ቤቱን መዝጊያና ቁልፉን አሳዩ። ካሜራውን በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ በዚያው ቦታ አቁማችሁ ያንኑ አግዳሚ ወንበር ቅረጹ፤ በመስከረም አምስት ሆነው የተቀመጡበት ወንበር በሰኔ ሦስት ሆኖ ሲታይ ከየትኛውም እንባ ይበልጥ ይናገራል። መምህርቷን ስታስተምር ቅረጿት፤ እሷ ትልቅ ሰው ናት፣ ፈቃዷን መስጠትም መንፈግም ትችላለች፤ ልጃገረዶቹም ነገ ምን መሆን እንደሚችሉ በእሷ ይታያል።

ጥቂት የእጅ ሥራ ምክሮችም አሉ። ካሜራውን ከቆመ ሰው ትከሻ ላይ አውርዳችሁ በተቀመጠች ልጅ ዓይን ልክ አድርጉት፤ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ሰው ሁሉ ምስኪን ይመስላል። ድንኳን ውስጥ ከኋላ የበሩ ብርሃን ካለ ካሜራው ለብርሃኑ ብሎ የጠቆረ ፊት ያወጣል፤ እናንተ ከበሩ በኩል ሁኑና ብርሃኑ ልጆቹ ላይ ይረፍ። የትምህርት ቤቱን ታቤላና የዩኒፎርሙን ዓርማ ከምስሉ አውጡ። ስልክ ፎቶው ውስጥ የቦታውን አድራሻ ደብቆ ስለሚያስቀምጥ ከመላካችሁ በፊት ያንን አጥፉ።

ፊት ሳያሳዩ ታሪክ መናገር እንደሚቻልም ተፈትኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ገርል ራይዚንግ» የተሰኘ ፊልም የዘጠኝ አገር ልጃገረዶችን ታሪክ ያቀርባል፤ የኢትዮጵያዊቷን ክፍል የጻፈችው ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ናት። የአፍጋናዊቷ ልጅ ታሪክ ግን ለደኅንነቷ ሲባል በተዋናይት ተሠርቷል። ታሪኩ የእሷ፣ ፊቱ የሌላ ሰው። ማንም ተመልካች ፊልሙን አላመነውም አላለም።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ፤ ካሜራውን ለራሳቸው መስጠት። ፊልም ኤይድ የተባለው ድርጅት በኮሶቮ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሥርቶ በኋላ ኬንያ ውስጥ ካኩማ መጠለያ ገባ፤ እዚያም ስደተኛ ወጣቶችን ፊልም አሠልጥኗል። ካኩማ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1992 ሲከፈት ከገቡት መካከል በ1991 ከኢትዮጵያ መጠለያዎች የወጡት የሱዳን ልጆች ነበሩ፤ ኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን ኖረውበታል። ዮርዳኖስ ውስጥ ደግሞ በዛዕተሪ መጠለያ የሶርያ ልጃገረዶች በ2014 ካሜራ ተሰጥቷቸው የራሳቸውን ኑሮ ቀረጹ፤ ከመካከላቸው የአንዷ አጭር ፊልም በ2016 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ልጅቷ ቀራጭ ስትሆን የትኛው መቆረጥ እንዳለበት የምትወስነው እሷ ናት።

«ፊት ካላዩ ማን ይሰጣል?»

ይህን ሐሳብ ለማኅበራት ሰዎች ሳቀርብ የሚገጥመኝ መልስ ይኸው ነው። ቀላል መልስ አይደለም። ሰው ለቁጥር አያለቅስም፤ ለፊት ያለቅሳል። ገንዘቡ ቢቀንስ የሚጎዱት ያው ልጃገረዶች ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ ሁሉንም ልጅ እንሸፍን ካልን እኛው ራሳችን ሌላ ዓይነት መጋረጃ ጣልንባቸው ማለት ነው፤ ሴት ልጅ ፊቷን አታሳይ ከሚሉት በምን ተለየን?

ለዚህ ያለኝ መልስ ሁለት ሰዎችን በማስታወስ ይጀምራል። ማላላ ዩሱፍዛይ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ለቢቢሲ የኡርዱ ክፍል ማስታወሻ ስትጽፍ በብዕር ስም ነበር፤ በዚያው ዓመት ቤተሰቧ ከስዋት ተፈናቀለ፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ፊልምም ፊቷ ታየ። በኦክቶበር 2012 ተተኮሰባት። ፊልሙ አስመታት ማለቴ አይደለም፤ እሷም አባቷም ቀድሞውኑ በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ለማለት የምፈልገው የብዕር ስምና ግልጽ ፊት ሁለቱም ለልጃገረድ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች መሆናቸውን ነው። ሶርያዊቷ ሙዙን አልመለሃን ደግሞ ዛዕተሪ ውስጥ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ትለምን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆናለች። ፊቷንም ስሟንም ለዓላማዋ በገዛ ፈቃዷ አውጥታለች። ከናስር ባጓ ልጅ የሚለያትም ይኸው ነው፤ እሷ ከፎቶው ጋር ቃልም ስምም አላት።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ይህን እላለሁ። በአንድ ምሽት ባየው ዓይን ምክንያት የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ፣ የበለጠ የሚያሳዝን ዓይን ይፈልጋል። ትምህርት ግን የአንድ ምሽት ነገር አይደለም፤ ስምንትና አሥር ዓመት ይፈጃል። በመስከረም አምስት፣ በሰኔ ሦስት ተማሪ የተቀመጠባትን ወንበር ያየ ሰው የቀሩት ሁለቱ የት ሄዱ ብሎ ይጠይቃል። ፕሮጀክትን የሚያኖረው ይህን የሚጠይቅ ለጋሽ ነው።

ምን እናድርግ?

ማኅበራት የመሠረታችሁ፣ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ ፕሮጀክት የምትገመግሙ ምሁራን ወገኖቼ ሆይ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ይህን ያህል ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ ከርዳታ ውላችን ውስጥ «የተረጂዎች ፎቶ ይላክ» የሚለውን ሐረግ እናውጣ። በምትኩ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት ቀሩ፣ ስንት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሞዴስና ደብተር የሚታደልበት ቀን ካሜራ አይግባ። ስጦታና ፎቶ በአንድ ቀን ከተገናኙ ፎቶው ዋጋ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የፈቃድ ቃሉ በልጅቷ ቋንቋ ይነገር፤ የሚጠይቃት ሴት ትሁን፤ ለመልሱም ቢያንስ አንድ ቀን ይሰጣት።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ከድረ ገጻችን ይውረድ፤ ልጅቷ ከዚያ በፊት አውርዱልኝ ካለችም ያለ ክርክር ይውረድ።

አምስተኛ፣ የልጅ ፎቶ በጨረታ አይሸጥ። የምንጫረትበት ሌላ ነገር መቼ ጠፋ?

ስድስተኛ፣ ከበጀቱ ጥቂቱን ለልጃገረዶቹ ራሳቸው የካሜራ ሥልጠና እናውል። ያኔ የሚላክልን ፊልም እነሱ እንዲታይ የፈለጉት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። እንደ እኔ በስደት የኖራችሁ ሁሉ ስደተኛ ብዙ ነገር እንደሚያጣ ታውቃላችሁ፤ ቤቱን፣ ሥራውን፣ አንዳንዴም የትውልድ ቀኑን ሳይቀር አንድ ጸሐፊ በግምት ይሞላለታል። ለአንዲት ስደተኛ ልጃገረድ ከሚቀሯት ጥቂት ነገሮች አንዱ፣ ለማን እንደምታሳይ ራሷ የምትወስነው ፊቷ ነው። እሱን ለእሷ እንተውላትና እኛ ወንበሩን እንቁጠር።

በጉዳዩ ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም በመጠለያ ውስጥ አድጋችሁ ካሜራ ፊት የቆማችሁ እህቶች ብትጽፉበት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታስተምሩናላችሁ።

ቸር ይግጠመን።